ሩሲያን ከደጅ ቆሞ ማጥናት

በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ሄዶ የተማረ ሰው በአዲስ አበባ አነጋገር «ራሽያ የተማረ» ነው። ሕክምናውን ኪየቭ ይማረው ኦዴሳ፣ ምሕንድስናውን ታሽከንት ያጥናው ሚንስክ፣ ያው ራሽያ ነው። ራሱ ባለጉዳዩም ሲጠየቅ «ራሽያ ነበርኩ» ይላል። ዛሬ ኪየቭና ኦዴሳ የዩክሬን፣ ታሽከንት የኡዝቤኪስታን፣ ሚንስክ የቤላሩስ ከተሞች ናቸው። ቃሏ ማንንም ለመበደል የተነገረች አይደለችም፤ ግን አሥራ አምስት ሪፐብሊኮችን ጠቅልላ ለአንዱ አስረክባለች። የሩሲያን ቋንቋ፣ ታሪክና ባህል የሚያጠናው የዩኒቨርሲቲ ዘርፍ ከ2022 ወዲህ የተጠመደበት ክርክርም ከዚህች ቃል ብዙ አይርቅም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘርፉን ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ገጠመው። አንደኛው በር መዘጋቱ ነው፤ ሰነዱ፣ ሰዉና ከተማው ያለው ሩሲያ ውስጥ ሲሆን አብዛኛው የምዕራብ አገር ተመራማሪ ግን ወደዚያ መግባት አይችልም፣ ወይም አይደፍርም። ሁለተኛው ከጥንት ጀምሮ የቆመበት ቦታ መጠየቁ ነው፤ ከባልቲክ ባሕር እስከ ፓስፊክ ያለውን አገርና ሕዝብ ሁሉ በሞስኮ መስኮት ሲያይ ኖሯልና። ሁለቱ ጉዳዮች ብዙ ጊዜ ተለያይተው ይነሣሉ። ሲሠራ ግን አይለያዩም፤ በሩ ሲዘጋ ተመራማሪው የሚሄድበት ሌላ ቦታ የሚያሳየው ነገርም ሌላ ነውና።

የመስኮቱ ታሪክ

አሜሪካ ውስጥ ዘርፉ እንዲህ የገነነው በቀዝቃዛው ጦርነት ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሩሲያ ተቋሙን በ1946፣ ሃርቫርድ የሩሲያ ምርምር ማዕከሉን በ1948 አቋቋሙ። ጥቅምት 4 ቀን 1957 የሶቭየቷ ሳተላይት ስፑትኒክ ወደ ጠፈር ስትወጣ የአሜሪካ ምክር ቤት በዓመቱ የመከላከያ ትምህርት ሕግ አወጣ፤ በዚያ ሕግ የወጣው ገንዘብ የሩሲያኛ ክፍሎችን በየዩኒቨርሲቲው አስከፈተ። በዚያው በ1958 መጀመሪያ ሁለቱ መንግሥታት ተማሪና ምሁር ለመለዋወጥ ተዋዋሉ።

ገንዘቡ የመጣው ከፉክክር ስለሆነ ጥያቄውንም ፉክክሩ ወሰነው፤ ክሬምሊን ምን ያስባል? ፖሊትቢሮው ውስጥ ማን ወጣ፣ ማን ወረደ? ለዚህ ሩሲያኛ በቂ ነበር። ዩክሬንኛ፣ ጆርጂያኛ ወይም ኡዝቤክኛ የሚያውቅ የታሪክ ተመራማሪ እንደ ብርቅ ይታይ ነበር። የ1897ቱ የዛሩ ግዛት የሕዝብ ቆጠራ 125 ሚሊዮን ከሚያህለው ሕዝብ ሩሲያኛን የእናት ቋንቋዬ ያለው 44 በመቶው ብቻ እንደሆነ መዝግቧል። ትምህርቱ ግን «የሩሲያ ታሪክ» ተብሎ በአንድ መስመር፣ ከኪየቭ ወደ ሞስኮ፣ ከሞስኮ ወደ ጴጥሮስ ከተማ (ሴንት ፒተርስበርግ)፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሞስኮ ይተረክ ነበር።

ያ ትውልድ አንድ ነገር ግን ለዛሬው አውርሷል። ቤተ መዛግብቱ ተዘግቶበት መሥራት ይችል ነበር። ጀርመኖች በ1941 ስሞሌንስክን ሲይዙ የአካባቢውን የኮሚኒስት ፓርቲ መዝገብ ማረኩ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ መዝገቡ በአሜሪካኖች እጅ ገባ። ሶቭየት መንደር በስታሊን ዘመን እንዴት ትተዳደር እንደነበር ምዕራባውያን ለዐሥርተ ዓመታት ያነበቡት በዋናነት ከዚህ ከአንድ አውራጃ መዝገብ ነው። ወደ ሩሲያ የተመለሰው በ2002 ነው። ሃርቫርድም በ1950ና በ1951 ከሶቭየት ለወጡ ስደተኞች ረጅም ቃለ መጠይቅ አድርጎ ስለ ሥራ፣ ስለ ወረፋ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ጉቦ ጠየቀ። የዚህ ዓይነቱ ምንጭ ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ስሞሌንስክ መላ አገሩን አይወክልም፣ አገሩን ጥሎ የወጣ ሰውም የቀረውን አይወክልም። ጥሩዎቹ ተመራማሪዎች ይህን ጉድለት በየገጹ ይናገሩ ነበር፤ መጥፎዎቹ ረስተውት አለፉ። ዛሬም ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ይኸው ነው።

የንባብ ክፍሉ

በነሐሴ 1991 የፓርቲው ቤተ መዛግብት በሩሲያው ፕሬዚዳንት በየልሲን ድንጋጌ ወደ መንግሥት ሲዛወሩ ነገሩ ተገለበጠ። ለሠላሳ ዓመት ያህል የሩሲያን ታሪክ መማር ማለት በሞስኮ የንባብ ክፍሎች መቀመጥ ማለት ሆነ። ተመራማሪው ከዩኒቨርሲቲው በሩሲያኛ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ይቀርባል፤ በደብዳቤው ላይ የጥናቱ ርዕስና ከስንት እስከ ስንት ያለውን ዘመን እንደሚመለከት ይጻፋል። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ርዕሱን አጥብቦ ከጻፈ «ይህ መዝገብ ከርዕስህ ውጭ ነው» ተብሎ ይመለሳል፣ ዓመቱን አሳጥሮ ከጻፈ ከዚያ አንድ ዓመት የሚያልፈውን ፋይል አያገኝም። ስለዚህ የሚመከረው ርዕሱን ሰፋ፣ ዘመኑን ረዘም አድርጎ መጻፍ ነው።

የመዝገቡ አድራሻ አራት ደረጃ አለው። ፎንድ የመሥሪያ ቤቱ ክምችት ነው፤ ለምሳሌ በመንግሥታዊው ቤተ መዛግብት ፎንድ 102 የዛሩ ፖሊስ መምሪያ ነው። ኦፒስ የክምችቱ ዝርዝር፣ ዴሎ አንዱ ፋይል፣ ሊስት ደግሞ ቅጠሉ ነው። ሊስት ገጽ አይደለም፤ አንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ ስላለው ከጀርባው ለተወሰደ ቃል ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኦብ» ይጨመራል። ይህን ያልጨመረ ሰው የጠቀሰውን ቃል ሌላው ፈልጎ ያጣዋል። በየፋይሉ መጀመሪያ ደግሞ የተጠቃሚዎች ወረቀት አለ፤ ፋይሉን ያነበበ ሁሉ ቀኑን፣ ስሙንና ምን እንዳደረገበት ይፈርምበታል። ልምድ ያለው አንባቢ ሰነዱን ከመክፈቱ በፊት ይህችን ወረቀት ያያል፤ ከእሱ በፊት ማን እንዳለፈ ይታወቃልና። ባዶ ከሆነች ልቡ ይዘላል።

ይህ ሁሉ የታጠፈው በአንድ ቀን አይደለም። በ2004 የወጣው የቤተ መዛግብት ሕግ የሰውን የግል ምስጢር የያዘ ሰነድ ለ75 ዓመት ይዘጋል፤ «የግል ምስጢር» የሚለው ቃል ግን እየተለጠጠ የእስረኛን ፋይል ብቻ ሳይሆን የመርማሪውንም ስም መከለያ ሆነ። የስታሊንን ዘመን ግፍ ሲመዘግብና ከሦስት ሚሊዮን በላይ የተጠቂዎችን ስም ሲያሰባስብ የኖረው «ሜሞሪያል» የተባለው ድርጅት በታኅሣሥ 28 ቀን 2021 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ፈረሰ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሩሲያ ዩክሬንን በሙሉ ኃይሏ ወረረች። በመጋቢት 4 ቀን 2022 የሩሲያ ሬክተሮች ኅብረት ወረራውን የሚደግፍ መግለጫ አወጣ፤ ብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የትብብር ውላቸውን ያፈረሱት ይህን መግለጫ ጠቅሰው ነው።

ከቪዛና ከበረራ የከበደው ግን በሐምሌ 2022 የወንጀል ሕጉ ላይ የተጨመረው አንቀጽ ነው። «ከውጭ አገር መንግሥት ወይም ድርጅት ጋር በምስጢር መተባበር» የሚል ወንጀል ፈጥሮ እስከ ስምንት ዓመት ያስቀጣል። ከዚያ ላይ «የማይፈለጉ ድርጅቶች» የሚባል ዝርዝር አለ። ባርድ ኮሌጅ በ2021፣ ብሪቲሽ ካውንስልና የል ዩኒቨርሲቲ በ2025 ገቡበት፤ እዚያ ከገባ ተቋም ጋር መሥራት ለሩሲያ ዜጋ የሚያስከስስ ነው። ውጤቱን በተግባር ማየት ይቻላል። ሞስኮ ያለ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ አንድን ቅጂ ፎቶ አንሥቶ ቢልክ፣ አንዲት መምህርት በጋራ ጽሑፍ ላይ ስሟ ቢወጣ፣ አንድ ሽማግሌ ስለ ፋብሪካቸው ቃለ መጠይቅ ቢሰጡ፣ አደጋው የሚወርደው በእነሱ ላይ ነው። ውጭ ያለው ሰው ጽሑፉን አሳትሞ ይተኛል። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ሩሲያ ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር መጻጻፍ ያቆሙት ተኳርፈው ሳይሆን ለነሱ ፈርተው ነው። ይህ ጉዳት በማንኛውም የፖለቲካ ሒሳብ አይካካስም፤ የአገሩን ታሪክ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው የአገሩ ምሁር ነውና።

ከውጭ የሚገኘው

ሶቭየት ኅብረት የወረቀት አገር ነበረች፤ ይህ ለዛሬው ተመራማሪ ጠቀማት። ሞስኮ ያወጣችው መመሪያ ለአሥራ አምስቱም ሪፐብሊኮች ይበተን ስለነበር ሞስኮ ውስጥ የተቆለፈው ትእዛዝ ኪየቭ ውስጥ ባለ ግልባጭ ይነበባል። ዩክሬን በ2015 ባወጣችው ሕግ የቀድሞውን የኬጂቢ መዝገብ ለማንም አንባቢ ከፍታለች። ቪልኒዩስ፣ ሪጋ፣ ታሊንና ትብሊሲም የየራሳቸው የፓርቲና የጸጥታ መዝገብ አላቸው። ከዚያ ወዲያ በስታንፎርድ ያለው ሁቨር ተቋምና በኮሎምቢያ ያለው ባክሜቴፍ ክምችት ከአብዮቱ የሸሹ ሰዎችን ወረቀት ይዘዋል።

የሚጎድለውን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ኪየቭ ውስጥ ትእዛዙ ይገኛል፣ ትእዛዙ እንዴት እንደ ተወሰነ የሚያሳየው የላይኛው ውይይት ግን አይገኝም። ከሪፐብሊኩ ወደ ላይ የተላከው ሪፖርት ይነበባል፤ ሞስኮ በሪፖርቱ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የጻፈችው አስተያየት ግን የተጻፈው በሞስኮው ቅጂ ላይ ነው። ጦርነቱ ደግሞ ይህንንም መንጠቁ አልቀረም፤ በ2022 የቼርኒሂቭ የጸጥታ መዝገብ በጥቃት ተቃጥሏል፣ ኸርሶንን ይዞ የነበረው የሩሲያ ጦርም ከተማዋን ሲለቅ ከቤተ መዛግብቷ ብዙ ሰነድ ጭኖ ሄዷል።

በኢንተርኔት ያለው ሀብት ብዙ ነው። የሩሲያኛ ብሔራዊ የጽሑፍ ክምችት ከ2004 ጀምሮ ለማንም ክፍት ሲሆን አንድ ቃል በየዘመኑ እንዴት እንደተነገረ ያሳያል። «ፕሮዢቶ» በ2015 ተጀምሮ ተራ ሰዎች የጻፉትን የዕለት ማስታወሻ በብዛት አሰባስቧል። የሚያስቸግረው ብዙ የመንግሥት ገጾች ከሩሲያ ውጭ ለሚገባ ሰው መዘጋታቸው ነው፤ ትናንት የተከፈተ ገጽ ዛሬ ባዶ ሊሆን ስለሚችል ያገኙትን ሰነድ ወዲያው ማውረድ፣ የወረደበትን ቀንና ሙሉ አድራሻውን አብሮ ማስቀመጥ የግድ ነው።

የዛሬዋን ሩሲያ ለሚያጠኑት የተገኘው ብልሃት ይበልጥ ያስደንቃል። መንግሥት የሟች ወታደሮችን ቁጥር አይናገርም። «ሚዲያዞና» የተባለው የጋዜጠኞች ቡድን ከቢቢሲ የሩሲያኛ ክፍል ጋር ሆኖ በየመንደሩ የሚወጣውን የሐዘን ማስታወቂያና በመቃብር ላይ የተጻፈውን ስም አንድ በአንድ እየለቀመ በ2025 ከ100,000 በላይ ስም አረጋግጧል። ስሙ ያልወጣውን ለመገመት ደግሞ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን የውርስ መዝገብ ወሰዱ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ውርስ ለማጣራት ኖታሪ ዘንድ ፋይል ያስከፍታል፤ ከጦርነቱ በፊት በዚያው ዕድሜ ላሉ ወንዶች ስንት ፋይል ይከፈት እንደነበረ ይታወቃል፤ ከዚያ በላይ የተከፈተው ትርፍ የጦርነቱን ሞት ያመለክታል። ወራሽ የሌለው፣ ንብረት የሌለው ወይም አስከሬኑ ያልተገኘ ስለሚቀር ቁጥሩ እርማት ይፈልጋል፤ እርማቱም በግልጽ ተጽፎ ይወጣል።

የሕዝብ አስተያየት ጥናት ግን በጥርጣሬ መነበብ አለበት። ጦሩን «ማንቋሸሽ» በሚያስቀጣበት አገር «ጦርነቱን ትደግፋለህ?» ብሎ ስልክ ለደወለ ሰው ማን እውነቱን ይመልሳል? እንዲህ ያለውን ለማጣራት ተመራማሪዎች የዝርዝር ዘዴ የሚባለውን ይጠቀማሉ። መላሾቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ቡድን ሦስት ቀላል ነገሮች፣ ሁለተኛው እነዚያኑ ሦስትና አራተኛ የጦርነቱን ጥያቄ ያገኛል። «የትኛውን?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ስንቱን ትደግፋለህ?» ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቡድን አማካይ 1.5፣ የሁለተኛው 2.0 ቢሆን ልዩነቱ 0.5 ስለሆነ ግማሾቹ ይደግፋሉ ማለት ነው፤ የማንም ግለሰብ መልስ ግን አይታወቅም። በቀጥታ ሲጠየቅ ከሚገኘው የሚያንስ ከሆነ ልዩነቱ የፍርሃት መለኪያ ይሆናል።

ቋንቋው፣ ለአማርኛ ተናጋሪ

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቋንቋ ትምህርት ቤት ለዲፕሎማቶቹ ሩሲያኛ ለማስተማር 44 ሳምንት፣ 1,100 የክፍል ሰዓት ይመድባል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በሳምንት አምስት ሰዓት፣ በዓመት 28 ሳምንት ቢያስተምር በአራት ዓመት የሚሰጠው 560 ሰዓት ነው፤ ግማሽ ያህሉ። የቀረውን ሲሞላ የኖረው በሞስኮ ወይም በጴጥሮስ ከተማ የሚያልፈው አንድ ዓመት ነበር። በሩ ሲዘጋ ከሁሉ በፊት የታየውም ይህ ቀዳዳ ነው። አሁን ተማሪዎቹ ወደ አልማቲ፣ ቢሽኬክ፣ ትብሊሲ፣ ይሬቫንና ዳውጋቭፒልስ ይላካሉ። እኩል ቦታዎች አይደሉም። ካዛኪስታንና ኪርጊዝስታን ውስጥ ሩሲያኛ በሕግ የታወቀ፣ በገበያም በቢሮም የሚሠራ ቋንቋ ነው። ትብሊሲ ላይ ግን ወጣቱ በእንግሊዝኛ ሊመልስ ይችላል፣ አንዳንዱም በሩሲያኛ መናገርን የፖለቲካ ነገር አድርጎ ይወስደዋል። ዳውጋቭፒልስ በአብዛኛው ሩሲያኛ ተናጋሪ ከተማ ብትሆንም ላትቪያ ከ2023 እስከ 2025 ትምህርት ቤቶቿን ሁሉ ወደ ላትቪያኛ አዙራለች።

የአማርኛ ተናጋሪ ወደዚህ ቋንቋ የሚገባው ስንቅ ይዞ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚያልበው «ы» የሚባለው አናባቢ እኛ «ብር» እና «ልብ» ስንል በየቀኑ የምናወጣው ሳድስ ድምፅ ጎረቤት ነው። «ዥ»፣ «ች»፣ «ኸ» አዲስ አይደሉም፤ ለስላሳው «ን»ም ከ«ኝ» ብዙ አይርቅም። የሚያሰናክለን ሌላ ነው። አንደኛ፣ ተነባቢ ሲደራረብ በመካከል ሳድስ እናስገባለን፤ «ቭዝግልያድ» የሚለውን ቃል ሰባብረን ሦስት አራት ቦታ እናስተነፍሰዋለን። ሁለተኛ፣ አማርኛ ቃል ላይ የጎላ ጥብቀት (አንዱን ክፍለ ቃል ከሌሎቹ አጉልቶ ማንሣት እንጂ የተነባቢ መጥበቅ አይደለም) ስለማይጭን ሩሲያኛውን ሁሉ እኩል እናነበዋለን። ሩሲያኛ ግን ያልጠበቀውን አናባቢ ይበላዋል፤ ወተት «ሞሎኮ» ተብሎ ተጽፎ «ማላኮ» ተብሎ ይነበባል። «ዛሞክ» መጀመሪያው ሲጠብቅ ግንብ ቤት፣ መጨረሻው ሲጠብቅ የበር መቆለፊያ ነው፤ አጻጻፉ አንድ ነው። ስለዚህ አዲስ ቃል ሲመዘገብ የጥብቀቱ ምልክት አብሮ ካልተጻፈ ቃሉ ግማሹ ነው የተያዘው።

በግሡ ላይ አማርኛ የሚረዳበትም የሚያታልልበትም ቦታ አለ። «ሆዲል» ማለት «ሄዶ ነበር» ነው፤ ሄዶ ተመልሷል። «ፓሾል» ደግሞ «ሄዷል»፤ ገና አልተመለሰም። ይህን አማርኛ ተናጋሪ ሳይነገረው ይገባዋል። «ፒሳል» እና «ናፒሳል»ም «ይጽፍ ነበር» እና «ጽፎ ጨረሰ» ተብለው ሲተረጎሙ ቀላል ይመስላሉ። ወጥመዱ ወዲህ ነው፤ «ይህን መጽሐፍ አንብበኸዋል?» ለማለት እኛ የተፈጸመውን መልክ እንጠቀማለን፣ ሩሲያኛ ግን «ቺታል» ይላል፣ ያልተፈጸመውን። ጥያቄው ማንበብህን እንጂ መጨረስህን አይደለምና። «ፕራቺታል» ብሎ የጠየቀ ሰው «ጨረስከው ወይ?» ማለቱ ነው፤ አንብብ ተብሎ የተሰጠ ሥራ ያለ ያስመስላል።

በሩሲያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሚሄድ ሰው ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠበቅበት የመጀመሪያው የብቃት ደረጃ 2,300 ያህል ቃላት ይጠይቃል። ለክፍል ይበቃል። ሰነድ ለማንበብ ግን ሌላ ትምህርት ያስፈልጋል። የሩሲያኛ የእጅ ጽሑፍ «ቴ»ን እንደ ላቲን «ኤም»፣ «ዴ»ን እንደ «ጂ» ያስመስለዋል፤ «ሊሺሽ» የሚለው ቃል ተቀጥሎ ሲጻፍ የቋሚ መስመር ረድፍ ብቻ ሆኖ ይታያል። ከ1918 በፊት የታተመው ደግሞ በአሮጌው ፊደል ነው። ይህን ለእኛ ማስረዳት ቀላል ነው። እኛ «ሰ» እና «ሠ»ን፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን አንድ እያነበብን ለይተን እንደምንጽፍ ሩሲያውያንም ሁለት «ኢ»፣ ሁለት «ፌ» እና «ያት» የሚባል ተጨማሪ «ዬ» ነበራቸው፤ የ1918ቱ ማሻሻያ ሻራቸው። «ሚር» በአንዱ «ኢ» ሲጻፍ ዓለም፣ በሌላው ሰላም ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም አንድ ሆነዋል። በዲጂታል ክምችት ውስጥ በአዲሱ ፊደል ብቻ የፈለገ ሰው የመቶ ዓመት ጋዜጣ ያልፈዋል።

ቀኑም እንዲሁ። ሩሲያ እስከ ጥር 31 ቀን 1918 በዩልዮስ አቆጣጠር ቆይታ በማግሥቱ የካቲት 14 አለች። ገናን ጃንዋሪ 7 የምታከብረው ቤተ ክርስቲያኗ በአሮጌው ስለ ቀረች ነው። ለቅድመ አብዮት ደብዳቤ በ19ኛው መቶ ዘመን 12 ቀን፣ በ20ኛው 13 ቀን ይደመራል። ይህን የሳተ ተመራማሪ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የደረሰ ያስመስላል።

ክርክሩ ሁሉ የተቋጠረው ግን በሁለት ቅጽሎች ውስጥ ነው። «ሩስኪ» የብሔሩንና የቋንቋውን ሰው፣ «ሮሲይስኪ» የአገሪቱን ዜጋና መንግሥት ያመለክታል። አንድ ታታር «ሮሲይስኪ» ነው፣ «ሩስኪ» አይደለም። በአማርኛ ሁለቱም «የሩሲያ»፣ «ሩሲያዊ» ሆነው ይጠፋሉ፤ በእንግሊዝኛም እንዲሁ። ከፖለቲከኛ ንግግር የሚተረጉም ሰው የትኛው እንደተባለ ካላመለከተ የንግግሩን ፍሬ ጥሎታል። አንዲት መስተዋድድም እንዲሁ ናት። «ና ኡክራይኔ» ማለት ዩክሬንን እንደ አንድ ክፍለ ሀገር፣ «ቭ ኡክራይኔ» ማለት እንደ አገር መቁጠር ሆኖ ይሰማል፤ ዩክሬናውያን ሁለተኛውን ይሻሉ።

የቆሙበትን ቦታ መለወጥ

የዘርፉ ትልቁ የአሜሪካ ማኅበር የ2023 ዓመታዊ ጉባኤውን መሪ ሐሳብ ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ መላቀቅ አደረገው። በተግባር የሚጠይቀው ግልጽ ነው፤ ከሩሲያኛ ሌላ ሁለተኛ የአካባቢው ቋንቋ፣ ከሞስኮ ሌላ ሁለተኛ መነሻ ከተማ። አልማቲ ለሩሲያኛ የሄደች ተማሪ ካዛክኛ ይዛ ብትመለስ ትርፉ የመዘጋቱን ያህል ይሆናል። ከዚህ አልፎ «ሩሲያኛ ይቅር» የሚሉ ሰዎች ግን ተሳስተዋል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካዛኪስታንን ያራቆታት ረኀብ መዝገቡ በአብዛኛው በሩሲያኛ ነው፤ የተበዳዩን ታሪክ ለመጻፍ የበዳዩን ቋንቋ ከማንም አጥልቆ ማወቅ ያስፈልጋል። «ሥነ ጽሑፍ ከፖለቲካ በላይ ነው» የሚሉትም እንዲሁ ተሳስተዋል፤ የዛሩ ጦር ካውካሰስ ባይገባ ኖሮ የሩሲያ ገጣሚዎች የካውካሰስ ግጥሞችም አይጻፉም ነበር።

ምንጭን በዓይን የማየት ነገር ከፑሽኪን ቅድመ አያት በላይ ምሳሌ የለውም። አብራም ጋኒባል ኢትዮጵያዊ ነበር የሚለው እምነት አዲስ አበባ ውስጥ አደባባይ አሰይሟል። እምነቱ በጀርመንኛ በተጻፈ የሕይወት ታሪክና በ1899 የሩሲያው የሥነ ሰብእ ምሁር ዲሚትሪ አኑቺን ባሳተመው ጥናት ላይ ይቆማል። ጋኒባል ራሱ በ1742 ለእቴጌ ኤልሳቤጥ ያቀረበው ማመልከቻ ግን «ትውልዴ ከአፍሪካ ነው» ካለ በኋላ የተወለደበትን ከተማ «ላጎን» ይለዋል፤ አቢሲንያ የሚል ቃል የለበትም። በ1990ዎቹ የቤኒኑ ተወላጅ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ይህን ስም በዛሬዋ ካሜሩን፣ ከቻድ ድንበር አጠገብ ካለችው ሎጎኔ ጋር አያያዘው። ብዙ ተመራማሪ ዛሬ ወደዚያ ያዘነብላል። ለእኛ ደስ የማይል ቢሆንም ማስረጃው በዚያ በኩል ይበረታል።

ጥርጥር የሌለበት ዝምድናችን ሌላ ብዙ ነው። በ1896 ከዐድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኞችን አክመዋል። የገጣሚው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ የ1913 የኢትዮጵያ ጉዞ ስብስብ በጴጥሮስ ከተማው ኩንስትካሜራ ሙዚየም አለ። የዕፅዋት ተመራማሪው ቫቪሎቭ በ1927 ከደጋችን የሰበሰበው የስንዴና የገብስ ዘር በዚያችው ከተማ የዘር ተቋም ገብቷል። በ1969 ሞስኮ ላይ ሰፊ የአማርኛ–ሩሲያኛ መዝገበ ቃላት ታትሟል። በሌላ በኩል ሩሲያኛውን በፖድፋክ፣ በመሰናዶ ክፍሉ አንድ ዓመት ተምሮ በዚያ ቋንቋ ዲግሪ የያዘው ኢትዮጵያዊ ትውልድ እየሸመገለ ነው፤ ቋንቋውንም ለልጆቹ አላወረሰም።

ለዚህ ትውልድ ገና ያልተሠራ ሥራ አለ። በ1990ዎቹ አጭር ክፍት ጊዜ ስለ 1977–78ቱ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት የሶቭየትና የምሥራቅ ጀርመን ሰነዶች ወጥተው በእንግሊዝኛ ታትመዋል፤ የሶቭየቱ አምባሳደር ራታኖቭ ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ያደረጓቸው ንግግሮች መዝገብ በውስጡ አለ። የጀርመኑ ክፍል በርሊን በሚገኘው ፌዴራል ቤተ መዛግብት ዛሬም ይነበባል። ታሪካችንን የሚጽፉ ሰዎች የሚጠቅሱት እንግሊዝኛውን ነው። ንግግሩ በአስተርጓሚ ሆኖ ከነበረ የተባለው ቃል ሩሲያኛ ለብሷል፣ ከዚያ እንግሊዝኛ ሆኗል፣ አሁን ደግሞ ወደ አማርኛ ሲመለስ ለሦስተኛ ጊዜ ይቀየራል። ሩሲያኛውን ማንበብ የሚችል ኢትዮጵያዊ የእንግሊዝኛውን እርምጃ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲያገኝ ከራስጌው ይጀምር። «ከእገሌ የዕለት መዝገብ» የሚል አርእስት፣ የምስጢርነቱ ደረጃ፣ የቅጂው ቁጥርና ቀኑ አሉ፤ ቀኑ ንግግሩ የተደረገበት ይሁን ወይስ ሪፖርቱ የተጻፈበት መለየት አለበት። ከዚያ ወደ ግርጌው ይውረድ፤ በስብሰባው ማን እንደ ተገኘና ማን እንደ ጻፈው ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።